ጮክ ብዬ ያነበብኩበት ዓመት

ጳጉሜን በገባ ቁጥር የማልተዋት አንዲት ልማድ አለችኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የያዝኳትን ሰማያዊ ደብተር ከቁም ሣጥኑ ላይ አወርድና በዓመቱ ያነበብኳቸውን መጻሕፍት እቆጥራለሁ። የመጽሐፉ ስም፣ የደራሲው ስም፣ የጨረስኩበት ወር፤ ሌላ ነገር አይጻፍባትም። ከእናንተ መካከል እንዲህ የሚያደርግ ካለ ይገባዋል። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ "የዕቁብ ደብተርሽ" እያለ ይስቅብኛል።

በ2013 ሃያ አንድ መጻሕፍት ተመዝግበዋል። በ2014 ስድስት ብቻ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ ሸሽተን ወጣን፤ ስንመለስ ከቤታችን ብዙ ዕቃ ጠፍቶ መጻሕፍቱ ግን አቧራ ለብሰው ጠበቁን። ለመጽሐፍ የሚሻማ ዘራፊ የለም ብለን ሳቅን፣ ሌላ ምን እንላለን። በ2015 ልጄን ወለድኩ፣ ሁለት መጻሕፍት። በ2016 ወደ አሥራ አራት ወጣሁ፤ እንዴት እንደወጣሁ እነግራችኋለሁ፣ የምኮራበት ግን አይደለም። በ2017 አራት።

የማጫውታችሁ ስለዚህ አራት ነው።

የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች በክረምት ጉሙ ሳይጠራ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ባለቤቴ የሚሠራው ኮምቦልቻ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደው ሲጨርሱ ሌላ አገር የገቡ ይመስላል፤ እኛ ካፖርት ለብሰን እነሱ በሸሚዝ ናቸው። ማለዳ ይወጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ እኔና ማሙሽ ነን። (ስሙ ሌላ ነው፤ ሲያድግ እንዳይታዘበኝ እዚህ ላይ ማሙሽ እለዋለሁ።)

እንግዲህ የ2016ቱን አሥራ አራት መጻሕፍት ያነበብኩት እንዲህ ነው። ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ጓደኞቼ መጻሕፍት በፒዲኤፍ በቴሌግራም ይልኩልኛል። ልጁን እያጠባሁ በስልኬ አነባለሁ። ጡት ሲተው ደግሞ የባለቤቴን አሮጌ ስልክ ካርቱን ከፍቼ እሰጠዋለሁ፣ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ቤቱ ጸጥ ይላል። እንግዳ ሲመጣ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!" ይባልልኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰዓት አገኘሁ፣ አሁንም አንባቢ ነኝ፣ እናትነት አልዋጠኝም እያልኩ።

በጥቅምት 2017 ሁለት ዓመት ሞላው። በእንግሊዝኛ "ብሉ" ይላል፣ "ሬድ" ይላል፤ እማማ አይልም። ሲጠማው እጄን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትተኛል። ቧንቧ ውሃ ተወልዶ ውሃ የማይል ልጅ!

ገና ሲደርስ የባለቤቴ ዘመዶች ዘንድ ኮምቦልቻ ወረድን። እዚያ በሁለት ወር የምትበልጠው የአጎቱ ልጅ አለች፤ አባቷ ጠረጴዛ ላይ አቁሟት ከአንድ እስከ አሥር ቆጠረች፣ የሰፈሯን ስም ተናገረች፣ ተጨበጨበላት። ከዚያ ሁሉም ወደ ማሙሽ ዞረ። አንዲት አክስት፣ ክፋት ኖሯት አይደለም፣ "ይኼ ልጅ እስካሁን አፉን አልፈታም እንዴ?" አለች። አንዱ "ወንድ ልጅ ይዘገያል" አለ። ሌላዋ "ብቻውን እያዋልሽው ነው" አለች። እኔ ሽንኩርት ልክተፍ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ዶሮው ከወጣ፣ ወጡም ከቀረበ ቆይቶ ነበር፤ የሚከተፍ ሽንኩርት አልነበረም። ለጥምቀት ጥሩን፤ ልጁን ጉንፋን ይዞታል ብዬ ቀረሁ። ጉንፋን አልያዘውም።

ወደ ባለሙያ የሄድነው በጥር መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ጆሮው እንዲመረመር ተደረገ፤ ደህና ነው ተባለ። ልጃችሁ የመናገር መዘግየት ካሳየ "ይዘገያል" የሚለውን ምክር ሁሉ ወደ ጎን ብላችሁ ከዚህ ጀምሩ፤ ያልሰማ ልጅ አይናገርምና። ከዚያ ባለሙያዋ ብዙ ጠየቀችኝ፤ ሲጠራ ይዞር እንደሆነ፣ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳይ እንደሆነ፣ ዓይን ለዓይን ያይ እንደሆነ። ሁሉንም አዎ አልኩ። በመጨረሻ "ቤት ውስጥ ቀን ቀን ማነው የሚያወራው?" አለችኝ።

መልስ ፈልጌ አጣሁ። ማንም አያወራም ነበር። አንባቢ እናት ማለት፣ ለካ፣ ዝም ያለች እናት ማለት ሊሆን ይችላል።

ስለ ስልኩም ነገረችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጭራሽ ስክሪን እንዳያይ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ግን የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። የእኛ ቤት ሰዓት ስንት እንደነበር አልነግራችሁም። "አውሪው፤ የምትሠሪውን እየነገርሽው ሥሪ፤ አንብቢለት" አለችኝ።

ማውራቱ እንዴት እንደሚከብድ የሞከራችሁት ታውቁታላችሁ። "አሁን ድንች እየላጥኩ ነው፣ አሁን ድንቹን እያጠብኩ ነው" እያልኩ ለማይመልስ ሰው ማውራት በሦስተኛው ቀን አሳበደኝ። ከፒያሳ የልጆች መጻሕፍት ገዛሁ፤ የፊደል ገበታውን በማግስቱ ቀደደው፣ ተረቱ ደግሞ ስምንት ገጽ ነበር፣ እኔው ቀድሜ ሰለቸኝ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ እውነቱን ለመናገር በስንፍና፣ በራሴ ምልክት የተደረገበትን ፍቅር እስከ መቃብር አነሣሁና ካቆምኩበት ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እሱ ምን ያውቃል፣ ድምፅ ነው የሚፈልገው አልኩ።

መጽሐፉን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። በአፌ ሳነበው ሌላ መጽሐፍ ሆነ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ግን ሰው ቁጭ ብሎ እንደሚያወጋው ስለሆነ አፍ ላይ ይመቻል። እናቴ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰፈሩ ሁሉ አንድ ሬዲዮ ከቦ ያዳምጥ እንደነበር ስትነግረኝ የድሮ ሰው ማጋነን ይመስለኝ ነበር። አሁን ገባኝ። ለካ እኛም ጮክ ብሎ ለማንበብ አዲስ አይደለንም።

ሌላም ነገር አየሁ። በዐሥራ ስምንት ዓመቴ ያነበብኩት ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ነበር። በዚህኛው ጊዜ እግሬን የያዘችኝ የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ናት። ልጃቸው በታመመ ጊዜ እሷና ባሏ ከዳነላቸው ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆን ተሳሉ፤ የዚያ ሁሉ መከራ ሥር እዚያ ነው። ድሮ ያችን ገጽ በፍጥነት አልፌያታለሁ። አሁን ድምፄ ተሰበረና ማሙሽ ቀና ብሎ አየኝ። ልጁ አፉን እንዲፈታ ምን ምን እንደተሳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እሱ የወደደው ጉዱ ካሳን ነው። ሰውዬውን ሳይሆን ስሙን፤ "ጉዱ" ስል ይስቃል። እኔም እያበዛሁ "ጉዱ ካሳ መጣ፣ ጉዱ ካሳ እንዲህ አለ" እላለሁ። በመጋቢት አንድ ጧት መጽሐፉን ከአልጋዬ ሥር እየጎተተ አመጣና "ጉዱ!" አለ።

እየጮኹኩ ወጣሁ። ጎረቤታችን ሐጅያ ደንግጠው ወጡ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው "ይኼን ሁሉ ቋንቋ ትቶ በጉድ ጀመረ በይኛ!" ብለው አጥሩን ይዘው ሳቁ። ቀጥለው ግን እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት። "አብሽሪ፣ ልጄ" አሉኝ፤ በዚያ ዓመት ከሰማሁት ምክር ሁሉ የተሻለችው ይህች አንዲት ቃል ነበረች።

በግንቦት፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን፣ ቧንቧው መንፋት ሲጀምር ከውስጥ እየሮጠ "ውሃ መጣ!" አለኝ። ሁለት ቃል፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ጀሪካኖቹ ሞልተው እየፈሰሱ እኔ እሱን አቅፌ ቆሜያለሁ።

ሁለተኛው መጽሐፌ ነገም ሌላ ቀን ነው ነበር፤ ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚሼልን ልብ ወለድ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ የተረጎመው። ወረቀት ስላልነበረው ወደ 3,000 በሚጠጉ የሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ጻፈው፣ ቁርጥራጩ በሚፈቱ እስረኞች እጅ እየሾለከ ወጣ። የእኔን ችግር ከእሱ ጋር አላወዳድርም፣ ያስነውራል። ግን የዳይፐር መቀየሪያ፣ የወጥ መፍያ፣ የቡና መፍያ ሰዓት እየለቀምኩ ሦስት ሦስት ገጽ ሳነብ ያ ሰው በሐሳቤ ይመጣ ነበር። ሦስተኛው የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ፣ የአባቴ አሮጌ ቅጂ። ቤት የሚመታ ነገር ለልጅ ጆሮ ምን ያህል እንደሚጥም ያየሁት በእሱ ነው፤ ማሙሽ ስንኙ ሊያልቅ ሲል አፌን ያያል፣ የመጨረሻዋን ቃል ከእኔ ጋር እኩል ሊላት ይሞክራል። ለልጃችሁ ምን ላንብብ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው ነው።

አራተኛውን ጮክ ብዬ አላነበብኩትም። ኦሮማይ በዚሁ ዓመት በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ መውጣቱን ስሰማ እንደገና አነሣሁት። በዓሉ ግርማ መጽሐፉን በ1975 አሳተመ፣ ታገደ፣ በ1976 ደራሲው ራሱ ወጥቶ ቀረ። ጦርነት ባየች ከተማ ውስጥ፣ መናገር ገና በጀመረ ልጅ ፊት፣ ያን መጽሐፍ በአፌ ላወጣው አልቻልኩም። ልጁ ከተኛ በኋላ፣ እንደ ድሮዬ ዝም ብዬ ጨረስኩት። ዝምታውን ናፍቄው ነበር፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

መውሊድ በነሐሴ መጨረሻ ነበር። ሐጅያ ለማሙሽ ድርሻውን ላኩለት። ጳጉሜን 5 ማታ ተራው የእኔ ሆነ፤ ድፎ ዳቦ ጋግሬ አንዱን ለእሳቸው ለየሁ። ቀጤማው ደጅ ላይ በእርጥቡ ተቀምጧል፣ ቁሌቱ በዝግታ እየበሰለ ነው። ደብተሬን አውጥቼ አራቱን ጻፍኩ። ከሃያ አንዱ ጋር አስተያየሁት፤ አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፣ ትንሽ ከፋኝ። ማሙሽ እስክሪብቶውን ነጥቆ በ2017 ላይ ትልቅ ክብ ሠራበት። ተውኩለት።

በዕንቁጣጣሽ ጧት ልጃገረዶቹ አደይ አበባ ይዘው መጡ። ማሙሽ ከቀሚሴ ጀርባ ተሸሽጎ ሲሰማ ቆየና፣ ተቀባዮቹ ደጋግመው የሚሏትን አንዲት ቃል ከእነሱ ኋላ ኋላ፣ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ፣ ይል ጀመር። ልጆቹ ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ።

ከሰዓት ኮምቦልቻ ወረድን። ያቺ የአጎቱ ልጅ አሁን መዝሙር ትዘምራለች። ማሙሽ ከእሷ ጋር አይወዳደርም፤ ሦስት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው ሦስት ቃል ማያያዝ ይቸግረዋል፣ "ረ"ን አይላትም፣ ክትትላችንም አላለቀም። ንባቡ ይሁን፣ የስልኩ መጥፋት ይሁን፣ ወይም ዕድሜው ደርሶ ይሁን አላውቅም፤ ባለሙያዋም አላወቀችም። አክስቲቱ "ና፣ ሳመኝ" ስትለው "እንቢ" አላት። ጥርት ያለች "እንቢ"። ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ እሷም አብራ ሳቀች።

ስንመለስ መሽቶ ነበር። ሐረጎ ላይ ጉም ወረደና ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ ቀስ አለ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም። ማሙሽ ጭኔ ላይ ሆኖ "ጉዱ?" አለኝ። መጽሐፉ ቤት ነው። የማስታውሰውን በጆሮው አንሾካሾክለት ጀመር፤ ማንኩሳን፣ ቦጋለ መብራቱን፣ ውድነሽን፣ የልጁን መታመም። የሕፃኑን ሕመም ጀምሬ ስተነፍስ ከፊት ለፊታችን የተቀመጡ ነጠላ የተከናነቡ አዛውንት ዞር አሉ።

"ጮክ በዪ እንጂ ልጄ፤ አይሰማኝም።"

ባለቤቴን አየሁት፣ ዳቦውን አቅፎ ይስቃል። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ደሴ መናኸሪያ ስንደርስ ገና ዲማ አልገባንም ነበር።