ወለጋ አስፋልት እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም

የብስክሌት ጉብኝት አስፋልት ይፈልጋል የሚለው ሐሳብ ለወለጋ አይሠራም። ሰፋ ያለ ጎማ ያለው የጠጠር መንገድ ብስክሌት በዓለም የተወደደው አስፋልት በሌለበት ስለሚሄድ ነው። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አጠገቧ የኮምቶ ደን አለ፤ ወደ በደሌ ሲወረድ የዴዴሳ ሸለቆ ይገኛል። በሆሮ ጉዱሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 በተሠራው ግድብ የተፈጠረው የፊንጫ ሐይቅ ተንጣሏል። ቀበሌን ከገበያ የሚያገናኙት የገጠር መንገዶች ለዚህ ጉዞ ጥሩ መነሻ ናቸው።

“ሰላም ሳይኖር ምን ብስክሌት?” ለሚል ሰው መልሱ እውነትህን ነው የሚል ነው፤ ሰላም ባልሰፈነበት መንገድ ማንም እንግዳ መጋበዝ የለበትም። ክረምቱም ቀዩን አፈር ጭቃ ስለሚያደርገው ወቅቱ በጋው ነው። መንገዶቹን ለይቶ ካርታ ላይ ማስፈር ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ መንገዱ ከተጠገነም ከጎብኚው በፊት የሚጠቀሙት ተማሪውና ገበያተኛው ናቸው። የወለጋ ከተሞች አስተዳደሮች ዝግጅቱን ከወዲሁ ይጀምሩ።