«እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት ምን ማለት ነው?

«እግዚአብሔር ያውቃል።» በዚህ ዘመን የዚህን ያህል የሚደጋገም ቃል ያለ አይመስልም። ዜና ተሰምቶ ሲያበቃ ይባላል። ስልክ አልሠራ ሲል ይባላል። ጤፍ ሲወደድ ይባላል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሌላ ቃል ሲጠፋ ይባላል።

ባሕር ዳር የምትኖር አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ይህን ቃል መስማት ያስመርራት ጀመር። ወንድሟ ገጠር አስተማሪ ነው። እሱ ወዳለበት ወረዳ ስልክ ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል። ያገኛት ሁሉ «እግዚአብሔር ያውቃል፤ በእሱ ታመኚ» ይላታል። አንድ ቀን ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ የሆዷን ተናገረች፦ «አባቴ፣ እግዚአብሔር እንደሚያውቅማ እኔም አውቃለሁ። እኔ ግን ምን ላድርግ?»

አባ አልተቆጡም። «ልጄ፣ የወለተ ጴጥሮስን ገድል አንብቢ። ተአምሩ ላይ ብቻ አትቁሚ፤ ያደረገችውንም እዪ» አሏት።

ገድሉ የተጻፈው ቅድስቲቱ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672 ነው። ጸሐፊው ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው፤ የሚያውቋት ሰዎች የነገሩትን በግእዝ አኖረው። ገድሉ ዛሬ ወጥቶ የሚያነበውን ሰው የሚያስደነግጠው፣ የዛሬን ወሬ የሚያወራ መምሰሉ ነው። ወታደር አለ፣ የተዘረፈ ከተማ አለ፣ ስደት አለ፣ ረኃብና በሽታ አለ።

ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች። ለአፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። መታመንን እንደ ንግድ የሚያስተምር ስብከት በዝቷል፦ ታመን፣ ትቀበላለህ፤ ካልተቀበልክ እምነትህ ጎዶሎ ነው። የወለተ ጴጥሮስ ሕይወት በዚህ ሚዛን ቢመዘን ገና ከመጀመሪያው ይቀልላል። ሦስት ልጅ የቀበረች እናት ምን «ተቀበለች»? እሷ ግን መታመንን የጀመረችው ከዚያ መቃብር አጠገብ ነው። ቤቷና ሀብቷ ያለ ልጆቿ ባዶ ሆኖ ሲታያት፣ ቀሪ ዘመኗን ለእግዚአብሔር ልትሰጥ ቆረጠች። ከጣና ገዳማት መነኮሳት ጋር ተማክራ፣ ጠጉሯን ተላጭታ ከባሏ ቤት ወጣች።

ባሏ ዝም አላለም። ወታደሮቹን ይዞ ተከተላት፤ የተጠለለችበትንም ከተማ አስዘረፈ። የአገሬው ሰው በእሷ ምክንያት ንብረቱን አጣ።

ከገድሉ ሁሉ ያቺን የሒሳብ ሠራተኛ ልቧን የያዘው ይህ ቦታ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ «እኔ ለእግዚአብሔር ብዬ ወጥቻለሁ፤ የሕዝቡን ነገር እሱ ያውቃል» ብላ ተደብቃ መቅረት ትችል ነበር። አላለችም። ይህ ሁሉ ሰው በእኔ ከሚጎዳ እኔ ብቻዬን ብቸገር ይሻላል ብላ ከተደበቀችበት ወጣች፤ ወደ ባሏም ተመለሰች። የመነኮሰችበትን ሐሳብ ለድሃ ሰው በሬና እህል ስትል ወደ ኋላ አዘገየችው። እግዚአብሔር የጠራት ከሆነ መንገዱን እንደገና እንደሚከፍተው ታምናለች፤ የተዘረፈ ገበሬ ግን ነገ የሚበላው ያስፈልገዋል። በመታመንና በግትርነት መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በላይ ሊታይ አይችልም።

መንገዱም ተከፈተ፤ ግን በደም። እ.ኤ.አ. በ1617 ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከንጉሡ ጋር በተደረገው ውጊያ ተገደሉ። ገድሉ እንደሚለው መልክአ ክርስቶስ የዚያ ሥራ ተካፋይ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ይህን ስትሰማ ከእሱ ጋር መኖር አልቻለችም። ዳግመኛ ወጣች፤ በዚያው መነኮሰች። በአገልጋይ ተከብባ ያደገችው ሴት እህል መፍጨት፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም ጀመረች። በባዶ እግሯ ሄደች።

አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት እምነት ሲያደርግ ተቃወመች። ይህ የዛሬን ካቶሊክ ጎረቤት ለመውቀስ የሚነሳ ታሪክ አይደለም። ነገሩ ሰው በገዛ ኅሊናው ላይ ሌላ ሲያዝበት ምን ያድርግ የሚል ነው። ችሎት ፊት አቆሟት። ሞት ቢያሰጋትም ባሏ ራሱ ለንጉሡ አማልዶ እንድትተርፍ አደረገ። ቀጥሎ የኢየሱሳውያኑ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሊያሳምኗት ሞከሩ። አልሆነም። በመጨረሻ ወደ ዠበይ፣ በምዕራብ ወዳለው ቆላ፣ ለሦስት ዓመት ተጋዘች።

ግዞቱ እሷን ከሰው ለመነጠል ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። እሷን ፍለጋ ሰዎች ወደዚያ ሐሩር ወረዱ፤ የመጀመሪያው ማኅበሯ የተመሠረተው እዚያው በግዞት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ በጣና ዙሪያና ደሴቶች ማኅበሮቿ ሰባት ደረሱ። ወንድም ሴትም ይከተላት ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ቀለብ ሰፍራ፣ የታመመ አስታማ፣ ወታደር ሲመጣ በታንኳ አሻግራ የምታኖረው እሷ ነበረች። ከጎኗ የማትለየው ወዳጇ እኅተ ክርስቶስ ነበረች፤ ከእሷ በኋላም ማኅበሩን የመራችው እሷው ናት። በእግዚአብሔር የታመነችው ሴት በወዳጅም ትደገፍ ነበር፤ ይህ መታመኗን አላጎደለውም።

እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የቀደመውን እምነት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ወለተ ጴጥሮስ ይህን ለማየት በቃች፤ ግን አብረዋት ከተሰደዱት ብዙዎቹ ሳያዩት አልፈው ነበር። እሷም እ.ኤ.አ. በ1642፣ በ50 ዓመቷ አረፈች። ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 17 ታስባታለች፤ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ያለው የቋራጣ ገዳምም እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል።

እንግዲህ «እግዚአብሔር ያውቃል» ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በር መዝጊያ ነው፤ ተናጋሪውን ከመጠየቅ ያሳርፈዋል፣ የተቸገረውን ግን እዚያው ይተወዋል። ሁለተኛው በወለተ ጴጥሮስ ሕይወት የታየው ነው፦ ውጤቱ የእኔ አይደለም፣ የዛሬው ሥራ ግን የእኔ ነው የሚል። ልጆቿን ማስነሳት አልቻለችም፤ ንጉሡን ማስገደድ አልቻለችም። ያንን ለእግዚአብሔር ተወች። ከከተማው ሰው ላይ ጦር እንዲነሳ ማድረግ ግን ትችላለች፤ ተመለሰች። እህል መፍጨት ትችላለች፤ ፈጨች። «አልክድም» ማለት ትችላለች፤ አለች።

ያቺ የባሕር ዳር ሴት ገድሉን አንብባ ስትጨርስ ስልኩ አልተከፈተም። ከወንድሟም ወሬ አልመጣም። ነገር ግን የወንድሟ ሚስት ከሁለት ልጆቿ ጋር ከተማ ገብታ በሰው ቤት ተጠግታ እንደምትኖር ታውቅ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሄዳ አላየቻትም፤ የምትነግራት ወሬ ስለሌላት ፈርታ ነበር። በማግሥቱ ሄደች። ልጆቹን ወደ ቤቷ አመጣቻቸው፤ ትልቁን ትምህርት ቤት አስመዘገበችው። ማታ ማታ ከእናታቸው ጋር ሆነው ስልኩን ይሞክራሉ፤ አይነሳም። ከዚያ እራት ያቀርባሉ።

አሁንም ጎረቤት ሲጠይቃት «እግዚአብሔር ያውቃል» ትላለች። እንዲህ ስትል ግን እጇ ላይ የልጆቹ ደብተር አለ።