ፒያኖ የሌለው ልጅ የፒያኖ መጽሐፍ ምን ይጠቅመዋል?

ሰው ከመጽሐፍ የሚያገኘው ጥቅም እንደ አነባበቡ ነው። አንዱ መጽሐፍ ለአንዱ ብርታት ሲሆነው ለሌላው ተስፋ መቁረጥን ያመጣበታል። ምክንያቱም መጽሐፉ ሁለት ዓይነት ሆኖ አይደለም፤ አንባቢዎቹ ልባቸውን ያሳረፉበት ገጽ ስለሚለያይ ነው እንጂ። ይህን ነገር የታወቁ ፒያኖ ተጫዋቾችን ሕይወት በሚናገሩ መጻሕፍት ላይ በተለይ ስላስተዋልሁት፣ ለእናንተ ለወጣት አንባቢዎቼ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ያደግሁትም፣ ዛሬ በጡረታ የምኖረውም በወላይታ ሶዶ፣ በኦቶና ነው። ሚሲዮናውያን በ1928 ወደ ወላይታ ከመጡ ወዲህ ኦቶና በሐኪም ቤቱ ስሙ የታወቀ ሰፈር ነው። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ፒያኖ አልነበረም። የነበረው በእግር እየተረገጠ የሚነፋ አንድ ትንሽ ኦርጋን ብቻ ነው። በመጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ግን ስለ ባኽ፣ ስለ ሞዛርትና ስለ ሾፐን የሚናገሩ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ጥቂት መጻሕፍት ይገኙ ነበር። ስለዚህ ፒያኖን በዓይኔ ከማየቴ በፊት በመጽሐፍ አወቅሁት። ክሪስቶፎሪ የሚባል ኢጣሊያዊ በ1700 ግድም በፍሎረንስ ከተማ እንደ ሠራው፣ የዛሬው ፒያኖ 52 ነጭና 36 ጥቁር፣ በጠቅላላው 88 ቁልፎች እንዳሉት፣ ጣት ቁልፉን ሲጫን በውስጡ ያለው ትንሽ መዶሻ የብረቱን አውታር እንደሚመታው፣ ተጫዋቹም እንደ አጫጫኑ ድምፁን ለማለስለስና ለማበርታት እንደሚችል ያወቅሁት ከእነዚያ መጻሕፍት ነው።

ብዙዎች «የማይገኝ መሣሪያ ታሪክ ማንበብ የራብተኛ ሰው የድግስ ወሬ እንደ መስማት ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከእውነት የራቀ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሰፈራችን ልጅ ወደ ቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ኪቦርዴን ልሸጠው ነው» አለኝ። ልጁ በጸሎት ቤት ከመዘምራን ጋር የሚጫወት፣ እናቱ በሶዶ ገበያ ቅቤ ሸጣ የምታሳድገው፣ ያችን አሮጌ ኪቦርድ የቀን ሥራ እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛ ነው። ምን እንደ ደረሰበት ብጠይቀው፣ «የሞዛርትን ታሪክ አነበብሁ። እርሱ በአምስት ዓመቱ ዜማ ደረሰ፤ በስድስት ዓመቱ በነገሥታት ፊት ተጫወተ። እኔ 19 ዓመቴ ነው፤ ጊዜው አልፎብኛል» ብሎ መለሰልኝ። እንግዲህ ተመልከቱ! ድህነት ያላስጣለውን ነገር መጽሐፍ ሊያስጥለው ነው።

ልጁ ያነበበው ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ዓይኑ በዝናው ገጽ ላይ ስለ ቆመ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ገጽ አላየውም። የሞዛርት አባት ሌዎፖልድ የታወቀ የሙዚቃ መምህር ነበር። ልጁ በተወለደበት በ1756፣ ስለ ቫዮሊን አማማር የጻፈውን መጽሐፍ አሳትሟል። ለሞዛርት ታላቅ እኅት መማሪያ ያዘጋጀው የኖታ ደብተርም በቤቱ ውስጥ ነበር፤ ትንሹ ልጅ የተማረው ከዚያው ደብተር ነው። ስለዚህ ሞዛርት ተሰጥዎው ታላቅ ቢሆንም፣ መሣሪያውም መምህሩም ደብተሩም በተወለደበት ቤት ይጠብቁት ነበር። ይህን ሁሉ ያገኘን ልጅ ምንም ካላገኘ ልጅ ጋር በዕድሜ ብቻ ማወዳደር፣ በሬ ያለውን ገበሬ በዶማ ከሚቆፍረው ጋር በአዝመራ እንደ ማወዳደር ነው።

ይህን ከነገርሁት በኋላ ስለ ባኽ አወራሁለት። ባኽ በዘመኑ ይጫወት የነበረው ኦርጋንና ከፒያኖ በፊት የነበሩትን ባለ ቁልፍ መሣሪያዎች ነው፤ ድርሰቶቹ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የፒያኖ ተማሪዎች ይለማመዱባቸዋል። በ10 ዓመቱ እናትና አባቱ ሞተውበት በታላቅ ወንድሙ ቤት አደገ። ወንድሙ የኖታ መጽሐፍ ቢከለክለው፣ ከቁም ሣጥኑ እየሰረቀ፣ መብራት ስለሌለው በጨረቃ ብርሃን ስድስት ወር ሙሉ ገለበጠው፤ ገልብጦ ሲጨርስ ወንድሙ ደርሶበት ወሰደበት ተብሎ ይተረካል። ወንድሙ ወረቀቱን ለመውሰድ ችሏል። በስድስት ወር ውስጥ በልጁ እጅና ልብ የገባውን ግን ሊወስድበት አልቻለም። ልብ ማለት የሚገባው ገጽ ይህ ነው።

ይህን ትምህርት ለማግኘት ባሕር መሻገር እንኳ አያስፈልገንም። የራሳችን ገድለ ያሬድ የአንድ የዜማ ሰው ሕይወት የተጻፈበት መጽሐፍ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ያሬድ ድጓን የደረሰ፣ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ስልቶች ያስተማረ ነው። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ለሁለቱም አልተሰማቸውም ይላል ገድሉ። ይህ ሁሉንም ያስደንቃል። ነገር ግን የዚህ ሰው ታሪክ የሚጀምረው ትምህርት አልገባህ ብሎት በመምህሩ በጌዴዎን ተመትቶ ከሸሸበት ቀን ነው። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ትል ዛፉን ልትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየና ወደ መምህሩ ተመለሰ። ትሏ ባትኖር ኖሮ ጦሩም ባልኖረ ነበር።

ከእኛ ዘመን ምሳሌ የሚፈልግ ቢኖር ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ያስብ። በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ የቀድሞ ስማቸው የውብዳር ነበር። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው ሙዚቃ ተማሩ። በ1937 በወረራው ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር ተግዘው ወደ አዚናራ ደሴት፣ ከዚያም በኔፕልስ አቅራቢያ ወዳለችው ወደ መርኮሊያኖ ተወሰዱ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ መምህር ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ አጠኑ። ቀጥሎም ለንደን ሄደው ለመማር ዕድል ቢያገኙ፣ ፈቃድ ሳያገኙ ቀሩ።

የሙዚቃ ትምህርታቸው በር በተዘጋ ጊዜ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኰሱ፤ በዚያ ከፍተኛ አምባ ላይ በባዶ እግራቸው እየሄዱ አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። ፒያኖውም ዝም አለ። በኋላ ግን የያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር በተቀመጡ ጊዜ፣ የዜማ ተማሪዎች እየለመኑ ሲያድሩ አይተው አዘኑ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ጣታቸው ነበር። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1960ዎቹ በጀርመን አገር ሲታተም ገቢው ለችግረኞች እንዲውል አደረጉ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያውያን ገዳም ኖሩ። በ2006 ሥራቸው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሸክላ በ21ኛው ቁጥር ሲወጣ ዓለም አወቃቸው፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ ነበር። የድርሰቶቻቸው ኖታ በመጽሐፍ የታተመው በ2013 ነው። በ2023፣ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዐስቡት፤ የእርሳቸውን ታሪክ የሚያነብ ሰው ከስዊስ ትምህርት ቤት ዘልሎ ወደ ዓለም ዝና ቢሻገር፣ በመካከሉ ያለውን ግዞት፣ ክልከላና ዝምታ ሁሉ ዘሎታል ማለት ነው። የዜማቸውን ጠባይ የሰጠው ግን ያ መካከል ነው። በፒያኗቸው ውስጥ የኤውሮጳ ትምህርትና የያሬድ ዜማ አንድ ላይ የሚሰሙት ሁለቱንም ዘመን ስለ ኖሩበት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጠንቀቅ። መከራ በራሱ ሰውን አዋቂ ያደርጋል ማለቴ አይደለም። በር የተዘጋባቸውና ስማቸው ሳይሰማ የቀሩ ባለ ተሰጥዎዎች ቍጥር ስፍር የላቸውም። የእማሆይ ትዕግሥት የሚመሰገን ስለ ሆነ በሩን የዘጋው ሰው ይመሰገናል ማለት አይደለም። እናንተም ነገ አባት ወይም እናት፣ መምህር ወይም ሹም በሆናችሁ ጊዜ፣ «መከራ ያጠነክረዋል» እያላችሁ የልጅን በር እንዳትዘጉ አደራ እላችኋለሁ።

ለዚያ ለሰፈራችን ልጅ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው የግርማ ይፍራሸዋ ታሪክ ነው። ግርማ በ1967 በአዲስ አበባ የተወለደ፣ በልጅነቱ ክራር ይጫወት የነበረ ሰው ነው። ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ በቡልጋርያ፣ በሶፊያ ተምሮ፣ የኤውሮጳን ድርሰቶችና በአገራችን ቅኝት የደረሳቸውን የራሱን ሥራዎች በብዙ አገር መድረክ ላይ ተጫውቷል። ልጁ ይህን በሰማ ጊዜ፣ «16 ዓመት ነው ያሉኝ?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። ከስድስት ዓመት ይልቅ 16 ዓመት ለ19 ቅርብ መሆኑን ለማስረዳት ሌላ ቃል አላስፈለገኝም።

ኪቦርዱን አልሸጠውም። መብራት በጠፋ ማታ የሚለማመድበትን 88 ቁልፍ ካርቶን ላይ በእርሳስ ሥሎ በጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ድምፅ የሌለው ፒያኖ መሆኑ ነው። የሠፈሩ ልጆች ይሥቁበት ነበር፤ ዛሬ ግን ከእነርሱ ሦስቱ በዚያው ካርቶን ላይ ጣታቸውን እያለማመዱ ከእርሱ ይማራሉ። ታላቅ ፒያኖ ተጫዋች ይሆናል ብዬ ትንቢት አልናገርም። እናቱም እስከ ዛሬ ልጇ ዲፕሎማ ያለው ሥራ ቢይዝ ትመርጣለች፤ የገበያን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ሊወቅሳት አይችልም። እርሱም ቀን ቀን ኮሌጅ ይማራል፤ ማታ ይለማመዳል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ የፒያኖ ተጫዋችም ቢሆን የሐኪም ወይም የመሐንዲስ፣ የባለሙያን ታሪክ ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ይህን ሰው ማን አስተማረው? መልሱ ከንቱ ቅናትን ያጠፋላችኋል። ሁለተኛ፣ በር በተዘጋበት ጊዜ ምን አደረገ? መልሱ ተስፋ መቁረጥን ያርቅላችኋል። ሦስተኛ፣ ካወቀ በኋላ ለማን ሠራበት? መልሱ ከትዕቢት ይጠብቃችኋል። እነዚህን ሦስቱን ሳይጠይቅ የሚያነብ ሰው የሌላውን ጭብጨባ ሰምቶ ወደ ቤቱ ባዶውን ይመለሳል።

መጽሐፍ ፒያኖ አይሆንም፤ ንባብም ጣትን አያፍታታም። ስለ እንጀራ ማንበብ እንደማያጠግብ ሁሉ፣ ስለ ዜማ ያነበበ ሁሉ ዜመኛ አይሆንም። ነገር ግን ፒያኖ የሌለው ልጅ ከፒያኖ መጽሐፍ የሚያገኘው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የልፋትን ርዝመት ማወቅ ነው። መንገዱ ሩቅ መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ስንቁን ይዞ ይነሣል፤ ቅርብ የመሰለው ግን ገና ከዳገቱ ሥር ይመለሳል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት አባቶቻችን የተናገሩት ልባችን እንዲታገሥ እንጂ እጃችን እንዲሰንፍ አይደለም።