ፕሌይስቴሽኑን በደብተር ሒሳብ የለወጥኩ ጊዜ

«ብር አልሰጥህም፤ በዕቃ ነው የማስብልህ» አለኝ ባለሱቁ።

ኅዳር 2012 ነው። ባኬ ጃማ ካለው ቤታችን ፕሌይስቴሽን 2፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ሜሞሪ ካርድና ሠላሳ ምናምን ሲዲ በፌስታል ይዤ ነቀምቴ መሃል ከተማ ወዳለ አንድ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ለሥራ ፓወር ባንክና ፍላሽ ያስፈልገኝ ነበር። ሁሉንም 1,500 ብር ገመተው። የምፈልገውን አነሳሁ፤ ቀሪዋን 700 ብር ደብተሩ ላይ ጻፋት። «ስትፈልግ መጥተህ ትወስዳለህ።» ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ።

ምክንያት አላጣሁም። ሶኒ ያንን ማሽን ማምረት ካቆመ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ጌም ሁሉ ስልክና ኢንተርኔት ላይ ገብቷል፤ ሲዲ ማን ይነካል?

ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ምዕራብ ኦሮሚያ ኔትወርክ ተቋረጠ። ቄለም፣ ምዕራብ ወለጋና ሆሮ ጉዱሩ ስልኩም ጭምር ጠፋ። እኛ ምሥራቅ ወለጋዎች ከተማ ውስጥ መደወል ብንችልም ኢንተርኔት አልነበረንም። እስከ መጋቢት 22 ድረስ እንዲያ ሆነን ቆየን። ዜና ሞልቷል፣ መላኪያ የለም። ሥራ ፈትቼ ቤት ዋልኩ።

ታናሽ ወንድሜ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ እያየ፣ አንድ ቀን ብቻ «ሲዲ እኮ ኔትወርክ አይፈልግም ነበር» አለኝ።

ሳልጠይቀው ነው የሸጥኩት። ሜሞሪ ካርዷ 8 ሜጋባይት ናት፤ ዛሬ ስልካችን የሚያነሳቸውን ፎቶዎች ሁለት ሦስት ብትይዝ ነው። ውስጧ ግን ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የገነባው ማስተር ሊግ ነበር። አንድ አጥቂ ፈጥሮ በስሜ ጠርቶታል። ኳስ እንደማልችል እያወቀ!

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። «700 ብሬን ተወውና ሜሞሪ ካርዷን መልስልኝ» አልኩት። ለፕሌይስቴሽን ቤት ሸጦታል፤ እሱ በጥሬ ብር። ያኔ ነው ስሌቱ የገባኝ። ብር ቢሆን ኖሮ የትም ይዤው እሄድ ነበር፤ የደብተር ሒሳብ ግን ከዚያች በር አይወጣም። የዕቃው ዋጋ ሲጨምር እሱ ባለበት ይቆማል። ቆይቶ ሱቁም ተዘጋ፤ 700 ብሬም አብራ ቀረች። (ኢንተርኔት ላይ ጌም የሚገዛውም ቢሆን ባብዛኛው የሚሰጠው የመጫወቻ ፈቃድ ነው እንጂ ዕቃ አይደለም። የኛ ሲዲ ቢያንስ የሚጨበጥ ነበር።)

ከወንድሜ ጋር ፕሌይስቴሽን ቤቱን ፈልገን አገኘነው። ኢንተርኔት የጠፋበት የከተማው ወጣት ሁሉ እዚያ ነው፤ ወንበር የለም። ክዳኑ ላይ በለጠፍኩት ጥቁር ፕላስተር ማሽናችንን ለየሁት። ወረፋችን ሲደርስ 5 ብር ከፍለን ተቀመጥን።

ወንድሜ ፋይሉን ከፈተ። ቡድኑ አለ። የቤቱ ልጅ ማታ ማታ እየተጫወተ ሦስት ሲዝን ወደፊት ወስዶታል። ወንድሜ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች፣ ደግሞ ከታች እስከ ላይ አየ።

«አንተንም ሸጠውሃል» አለኝ።