ተክሌን «ተክለ» ያለው ኮድ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ከአያት የተሳፈርኩበት ባቡር ስታዲየም አወረደኝ። ላፕቶፔን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ በሰው ትከሻ እየተገፋሁ ወጣሁ። በስታዲየሙ ዙሪያ ያሉት ሱቆች ማሊያ ሰቅለው ገበያ ይጠብቃሉ። ቀጠሮዬ ከአንድ ወጣት ፕሮግራመር ጋር ነው። ካፌው በረንዳ ላይ ቀድሞኝ ተቀምጧል፤ ሶኬት ያለበትን ጠረጴዛ መያዙን ሳይ ደስ አለኝ።

ያመጣኝ ነገር ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊደላችን ኮምፒውተር ላይ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉበት ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር። ስሙ በምሕጻር «ሴራ» ይባላል፤ እኔ «ሥራ» ብዬ ማንበብ ይቀናኛል። ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃም ይህን ሥርዓት ወደ ፊደል መለወጥ ያውቅበታል። ዩኒኮድ ፊደላችንን የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ኢማክስ ከዚያ ቀድሞ ይጽፈው ነበር፤ የሠራለትም ታካሃሺ ናኦቶ የተባለ ጃፓናዊ ነው። እኔ በኢማክስ የራሱ ቋንቋ፣ በኢማክስ ሊስፕ፣ የጻፍኩት አሮጌ የሴራ ጽሑፎችን ከመለወጣቸው በፊት የሚያጸዳ ትንሽ ኮድ ነው። የዛሬው ጥያቄያችን ከሁለቱ የኢማክስ ኮድ መፈተሻዎች በየትኛው እንፈትሸው የሚል ነው፦ በኢአርቲ ወይስ በባተርካፕ?

ኢአርቲን የጻፈው ክርስቲያን ኦለር ነው፤ ከ24ኛው የኢማክስ ዕትም (እ.ኤ.አ. 2012) ጀምሮ አብሮ ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለውም። ባተርካፕን የጻፈው ዮርገን ሼፈር ሲሆን የጃቫስክሪፕቱን ጃስሚን ተከትሎ ነው የሠራው። ፍተሻው እንደ ወሬ ይነበባል፤ ከየፍተሻው በፊት የሚሰናዳውን ዝግጅትም ራሱ ያቀናጃል። ኢአርቲ ላይ ግን ዝግጅቱን ራስህ ፈንክሽን ጽፈህ ትጠቀልለዋለህ። ልጁ የባተርካፕ ወዳጅ ነው።

ለመፈተሻ ስም ስንፈልግ ልጁ አገጩን ወደ ስታዲየሙ አነሳ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ ያገቡት ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። አራት ጎል፣ አራት ሰው። ለፈተና የተመረጡ ይመስላሉ፦ ቫሳሎ «ቫ»ን ይፈልጋል፣ መንግሥቱ ንጉሡን «ሥ»፣ ተክሌ ደግሞ ኃምሱን «ሌ»። በሴራ «ለ» እና «ሌ» የሚለዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመጀመሪያው በትንሹ የላቲን «ኢ» ይጻፋል፣ ሁለተኛው በትልቁ።

መጀመሪያ በባተርካፕ የጸዳውን የላቲን ጽሑፍ ፈተሽን። ሁሉም አለፈ። ማኪያቶ አዘዝን።

ቀጥዬ በኢአርቲ የመጨረሻውን ፊደል ፈተሽኩ። ቀይ! ከሥሩ የጻፈው ዝርዝር ነው የማረከኝ፦ ቦታ 2 ላይ (ቆጠራው ከ0 ይጀምራል) የተገኘው 4616፣ ማለትም «ለ»፤ የሚጠበቀው 4620፣ ማለትም «ሌ»። ቁጥሩንም ፊደሉንም ጎን ለጎን አስቀምጦልኛል። ተክሌ «ተክለ» ሆኗል።

ጥፋቱ የኔ ነበር። በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ጸሐፊዎች በእንግሊዝኛ ልማድ የሚጽፉትን ካፒታል ለማረም ብዬ ቃሉን ሙሉ በሙሉ ወደ ትንንሽ ፊደል አውርጄዋለሁ።

«ታዲያ ባተርካፕ ለምን አሳለፈው፣ ጋሼ?» አለ ልጁ፣ እንደ ተከዳ ሰው።

ገልጠን አየነው። ያመሳከርነው በእኩልነት ሳይሆን በንድፍ ፍለጋ ነበር፤ ኢማክስ ደግሞ ካልከለከሉት ሲፈልግ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አይለይም። ኢአርቲም ላይ እንዲሁ ብንጽፈው ያሳልፈው ነበር። ስለዚህ ባተርካፕን መውቀስ አልችልም። የተሰበረውን በፊደሌ ስላሳየኝ ግን ልቤ ወደ ኢአርቲ አጋድሏል። ልጁ አልተዋጠለትም፦ «አንድ መቶ ፍተሻ ሲሆን የትኛውን ታነባለህ?» አለኝ። እውነት አለው።

5 ሰዓት ተኩል። ኮዱን አረምኩት፦ የዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ትንሽ እንዲሆን። ተክሌ ወደ ስሙ ተመለሰ፤ አራቱም አረንጓዴ። ላፕቶፑን ልከድን ስል ልጁ እጁን ክዳኑ ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ በሴራ ትልቁ ‹ቲ› ‹ጥ› አይደል?»

«ነው።»

«ትንሹስ?»

«ት።»

ወደ ራሱ ስቦ አንድ መስመር ጨመረ፦ «ጥሩነሽ ሮጠች።» ፍተሻውን አስነሳ። ቀይ፤ ቦታ 0። «ትሩነሽ» ይላል።

አስተናጋጇን ጠርቼ ሌላ ማኪያቶ አዘዝኩ።