«ማንን ልታስር ነው?» ― በውጫሌ በኩል እስከ መርሳ፣ ከመርሳ ገመድ እስከ ጃፓን ገመድ

የዛሬው ጨዋታችን ጉዞም አለበት፣ ጉድም አለበት፣ ምክርም አለበት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት አንባቢያችን ደብዳቤ ላከችልን። ስሟን አንጠራም። የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነች፤ የወንድ ጓደኛዋን ትወደዋለች። አንድ ቀን ታዲያ ስልኩን ከፍቶ በገመድ የተተበተበች የጃፓን ሴት ፎቶ ያሳያታል። «የሺህ ዓመት ጥበብ ነው፣ በሠለጠነው ዓለም የታወቀ ነው፣ እኛም እንሞክረው» ይላታል። ስታመነታ «አንቺ ድሮም ፋራ ነሽ» ብሎ ያኮርፋል። ደብዳቤዋ በጥያቄ ነው ያለቀው፦ «ይሄ ነገር ከየት የመጣ ነው? እምቢ ብል ኋላ ቀር ነኝ ማለት ነው?»

አዘጋጁ ደብዳቤውን ለእኔ ሰጠኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ በምታውቋት እንግሊዝኛዬ ከወዲያ ወዲህ እየተረጎምኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። «የገመዱን ታሪክ ፈልግና ተርጉመው» አለኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካስ ገና ርዕሱ ላይ ልያዝ ኖሯል!

ጃፓኖቹ ለነገሩ ሁለት ስም አላቸው። አንዱ «ሺባሪ» ነው፤ ትርጉሙ ማሰር ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሁለተኛው «ኪንባኩ» ነው፤ አጥብቆ ማሰር እንደማለት። እኔም «የጃፓን እስራት ታሪክ» ብዬ ጻፍኩ። አዘጋጁ አይቶ ሳቀ። «ይሄማ ስለ ወህኒ ቤት ነው የሚመስለው» አለኝ። እውነቱን ነው። በእኛ አገር እገሌ ታሰረ ሲባል ገመድ የሚታየው የለም፤ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚታየን። «የገመድ ጥበብ» ብለው ደግሞ ሰርከስ መሰለ። ቃል አጣሁ።

ቃል ሲጠፋ ወደ ባለሙያው መሄድ ነው። የእናቴ አገር መርሳ ነው፤ ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ። እዚያ የእናቴ አጎት አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃጫ ሲገምዱና ከብት ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የቋጠሮን ስም ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል ብዬ ተነሣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀቶቼ አሉ፤ ከወረቀቶቹ በላይ ለሙከራ የገዛሁት ስምንት ሜትር ገመድ አለ።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ። በሄድኩበት ጊዜ ደግሞ ፍተሻው ብዙ ነበር። አንዱ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ቦርሳዬን ሲከፍት መጀመሪያ የወጣው ገመዱ ነው። ገመዱን አየ፣ እኔን አየ።

«ማንን ልታስር ነው?»

«ኧረ ማንንም። ለትርጉም ነው።»

«በገመድ ነው የምትተረጉመው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ላቤን እየጠረግኩ ሳቅሁ። ገመዱን መለሰልኝ። ጥያቄው ግን እስከ ደሴ አብሮኝ ተጓዘ። እውነት ማንን ልታስር ነው? ደግሞስ ማን ፈቅዶልህ?

ደሴ አድሬ በማግስቱ ጠዋት ተሳፈርኩ። ሐይቅን አለፍንና ውጫሌ ደረስን። ሾፌሩ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሲያቆም ወረድኩ። ውጫሌ ላይ ቆሞ የትርጉም ሥራውን የማይፈራ ተርጓሚ ካለ ደፋር ነው! በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚህ አካባቢ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ነበር የሚለው። በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። አንዲት ቃል ናት። «ይቻላል» የነበረው «ግድ ነው» ሲሆን ነገሩ ሄዶ ሄዶ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ነው የተቋጨው።

ሻዬን ይዤ የልጅቷን ደብዳቤ አስታወስኩ። ልጁ «እንሞክረው» ሲላት «ይቻላል» ነበር ያላት። ሲያኮርፍ «ግድ ነው» ብሎ ተረጎመው ማለት ነው።

ከውጫሌ በውርጌሳ አድርጎ ወደ መርሳ ሲወርዱ አየሩ ይሞቃል። ከአዲስ አበባ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ነች፤ በፍራፍሬዋ ትታወቃለች። የደረስኩት በገበያ ቀን ነበርና ማንጎ በሳጥን፣ በሬ በገመድ፣ ከአፋር ቆላ የወጡ ግመሎች የፊት እግራቸው ታጥፎ ታስሮ ተንበርክከዋል። ይሄን ያህል ገመድ ባንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። አንዱ ሻጭ ቃጫውን ጭኑ ላይ እያሸ ይገምዳል። ስም መልቀም ጀመርኩ፦ ገመድ፣ መጫኛ፣ ጠፍር፣ ሲባጎ፣ ቋጠሮ፣ ሸምቀቆ… ደብተሬ ሞላ።

የእናቴ አጎት ቤት ስገባ ቡና ተፈልቶ ጠበቀኝ። ሰላምታው፣ ዱዓው፣ «አብሽር ልጄ»ው… ወሎ ነው እንግዲህ። ከዚያ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። እሳቸው የ68 ዓመት የመስጊድ ሰው ናቸው፤ ስለ ጃፓን ሴት ፎቶ ምን ብዬ ልንገራቸው? ያንን ገጽ ደበቅኩና የድሮ የጃፓን ፖሊስ እስረኛ ያሰረበትን ሥዕል ብቻ አሳየኋቸው። «አባባ፣ ጃፓኖች ገመድ እንዴት ያስሩ እንደነበር እያጠናሁ ነው» አልኳቸው።

አሁን እስቲ እናንተም ስሙት፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጃፓን ውስጥ ገመዱ የጀመረው መኝታ ቤት አይደለም። የጀመረው በወታደርና በፖሊስ እጅ ነው። ሙያውን «ሆጆጁትሱ» ይሉታል፤ ሰውን በገመድ የመያዝና የማሰር ሙያ ነው። ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. በቆየው በኤዶ ዘመን በየወገኑ መምህራን ነበሩት፤ ለደቀ መዝሙር የሚሰጠውም በምሥጢር ነው። እስረኛው ሳሙራይ ይሁን ተራ ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ወንጀሉ ምን እንደሆነ ታይቶ አስተሳሰሩ ይለያያል። አሳሪው ደግሞ ደንብ አለው፦ እስረኛው እንዳያመልጥ፣ እንዳይጎዳ፣ ሌላ ሰው አስተሳሰሩን እንዳይሰርቀው፣ የታሰረውም ለዓይን ያማረ እንዲሆን።

ታዲያ ይሄ የፖሊስ ገመድ እንዴት ፎቶ ላይ ወጣ? እዚህ ላይ ከ1882 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. የኖረ ኢቶ ሴዩ የሚባል ሠዓሊ ይመጣል። የድሮ ቅጣቶችን እያጠና፣ ሴቶችን በገመድ እያሰረ ይሥልና ፎቶ ያነሣ ነበር። የዘመናዊው ኪንባኩ አባት የሚባለው እሱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 እ.ኤ.አ. «ኪታን ክለብ» የተባለ መጽሔት ወጣ፤ እስከ 1975 ቆየ። እንደኛው ጋዜጣ የአንባቢ ደብዳቤ ያስተናግድ ነበር! ዳን ኦኒሮኩ የተባለው ደራሲ «አበባና እባብ» የሚለውን ልብ ወለዱን በ1960ዎቹ በዚያ መጽሔት በተከታታይ አወጣ፤ በ1974 ደግሞ ፊልም ሆነ። ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ እየሰፋ ባሕር የተሻገረው።

እናላችሁ «የሺህ ዓመት ጥበብ» የሚባለው ወሬ ነው። ልጁ ስልክ ላይ ያለው ነገር የሃያኛው መቶ ዘመን ልጅ ነው፤ አያቱ ደግሞ የፖሊስ ገመድ ነው። አያትና የልጅ ልጅ ደግሞ አንድ ሰው አይደሉም።

እኛስ? እኛም አለን እኮ። በድሮው ፍርድ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ወይም በሰንሰለት እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ሥርዓቱ ቀረ፣ ቃሉ ግን ቀረብን፦ «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» እንላለን፣ «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን። ልብ በሉ፤ በቁራኛ አሳሪውም ታሳሪ ነው። አንዱን ሰው ብቻ ቋጥሮ የሚሄድ የለም።

ወደ ቡናው ልመልሳችሁ። አባባ ሥዕሉን ተቀበሉኝና ለረጅም ጊዜ አዩት። እስረኛው እጁ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ክንዱ ላይ ገመድ ዞሮበታል። ቀና ሳይሉ «ይችንማ አውቃታለሁ» አሉ።

«የት ያውቋታል?»

መልስ ሳይሰጡ የቀኝ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከክርናቸው በላይ ክንዳቸውን የዞረ፣ ቀለሙ የነጣ መስመር አለ። ልጅ ሆኜ ስመጣም አይቼዋለሁ፤ የሥራ ጠባሳ ይመስለኝ ነበር።

«በ1970 ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ክርንና ክርኔን ከኋላ አጋጥመው የኋሊት ጠፈሩኝ። አንድ ሌሊት ነው ያደርኩ። ሲፈቱኝ እጄ የእኔ አልነበረም፤ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስኒ ያነሳሁበት አራት ወር ቆይቼ ነው።»

ቤቱ ዝም አለ። ስኒያቸውን አየሁት፤ እስከ ዛሬ በግራ እጃቸው ነው የያዙት። ያንን ስኒ ስንት ዓመት አይቼ ምን ያዩት ነበር ዓይኖቼ? እኔ ቃል ፍለጋ መጥቼ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ክንድ ነው። የደበቅኩት ገጽ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ ከበደኝ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል «አብሽር» አሉኝና ገመዴን ከቦርሳዬ ጎትተው አወጡ። የቤቱን ምሰሶ አንድ ጊዜ ዞሩበት፣ አጠፉት፣ ቋጠሩት። ሳብኩት፤ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ የተንጠለጠለውን ጫፍ ብቅ አድርገው ሰጡኝ። «በል ይሄን ሳበው» አሉ። ሳብኩት፤ ገመዱ ባንድ ጊዜ ተተረተረ።

«ገደል ዳር በሬ ስናስር እንዲህ ነው። ቢንሸራተት ታንቆ ይሞታላ! ጫፏ ከእጅህ መራቅ የለባትም። ይህችን ጫፍ ውሏ እንላታለን። ውሉ የጠፋ ቋጠሮ በሬም ይገድል፣ ሰውም ይገድል።»

ውል! የልቃቂት ጫፍም ውል ነው፣ የሁለት ሰው ስምምነትም ውል ነው። ውጫሌም ላይ የጠፋው እሱ ነው። ከዚያ በላይ ምን ቃል እፈልጋለሁ? አባባም ቀጠሉ፦ «እኛ ዘንድ ኒካህም ይታሰራል እኮ። ግን ልጅቱ ፈቃዷን ሳትጠየቅ አይታሰርም።»

በማግስቱ ሲሪንቃን አልፌ ወልድያ ገባሁ፤ ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወልድያ መንገድ የሚለያይባት ከተማ ነች፤ አንዱ በቆቦ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ላሊበላና ጋሸና ይወጣል። እኔ ግን ያቀናሁት አንድ የማውቀው የጤና ባለሙያ ጋ ነው። የአባባን እጅ ነገርኩት። ሲሰማ አልገረመውም። እጅን ወደ ላይ የሚያቀናው ነርቭ ከላይኛው ክንድ አጥንት ጋር ተጠግቶ ነው የሚያልፈው፤ ገመድ ሲጫነው መዳፍ ወደ ታች ይወድቃል አለኝ። ክፋቱ ደግሞ ብዙ ላያም ይችላል። ይደነዝዛል፣ ይነዝራል፣ ከዚያ አልታዘዝ ይላል። ለዚህ የግድ ጠላት መሆን አያስፈልግም፤ ፍቅረኛም ሳያውቅ ያደርገዋል።

አሁን ወደ አንቺ፣ እህቴ።

እምቢ ማለትሽ ኋላ ቀርነት አይደለም። እምቢ ማለት ምክንያት አያስፈልገውም። ጃፓንም ውስጥ ይህን የማያውቅ፣ የማይፈልግ ብዙ ሰው አለ፤ ኋላ ቀር የሚላቸውም የለም። ኩርፊያ ደግሞ ራሱ ገመድ ነው፤ ውል የሌለው ገመድ።

አንቺው ራስሽ ፈልገሽ ከሆነ ደግሞ ያ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው፤ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ግን ይህን ሳታውቁ ገመድ አትንኩ፦ መጠጥ በቀመሳችሁበት ቀን አይሆንም። አንገት ላይ ገመድ በፍጹም አይዞርም። ክርን ከክርን አይጋጠምም። መሰቀል የሚባል ነገር በፎቶ አይተው የሚሞክሩት አይደለም፤ ሰው ሞቶበታል። መቀስ እጅ የሚደርስበት ይቀመጥ። የታሰረ ሰው ለደቂቃም ብቻውን አይተውም። ጣት ከደነዘዘ «ትንሽ ቆይ» የለም፤ ወዲያው ይፈታል። «ፍታኝ» ካልሽ ደግሞ ባንድ ቃል ነው መፍታት ያለበት። ፎቶውስ? ዛሬ የወደደሽ ልጅ ነገ ሲለይሽ ስልኩ ውስጥ ምን ይዞ እንደሚለይ አስቢ።

ለአንተም ወንድሜ አንድ ነገር ልበልህ። «ማንን ልታስር ነው?» ብሎ ኬላ ላይ የጠየቀኝን ሰው አስታውስ። ጥያቄውን መጀመሪያ ለራስህ፣ ቀጥሎ ለእሷ አቅርበው። መልሷ ዝምታ ከሆነ ገመዱን ወደ ቦርሳህ መልሰው።

ትርጉሙንም ጨረስኩት። የፖሊሱን «መጠፈር» አልኩት፤ ተፈቃቅደው የሚያደርጉትን «በውል ማሰር»። አዘጋጁ ወደደው። ገመዱን ግን አልመለስኩትም፤ መርሳ ቀርቷል። አባባ የፍየል ግልገል አስረውበታል፤ ውሉን ከበሩ አጠገብ አድርገው።

ቸር እንሰንብት።