ባለቤቱን የጠራ ዘፋኝ

የኒርቫናን የኤም ቲቪ «አንፕለግድ» ዝግጅት ያላየ ሰው ካለ ንባቡን እዚህ ጋ ያቁምና ዩቲዩብ ገብቶ አይቶት ይመለስ። አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። «ሮክ ጩኸት ነው» የምትሉም እዩት፣ ከመጨረሻው ዘፈን በቀር የሚጮህ ነገር የለውም።

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 18 ቀን 1993 ነው፤ ቦታው ኒውዮርክ የሚገኘው የሶኒ ስቱዲዮ። መድረኩ በአበባና በሻማ ተሞልቷል። እንዲህ ይሁን ያለው ከርት ኮቤይን ራሱ ነው፤ ፕሮዲውሰሩ ቀብር አስመሰልከው እንዴ ሲለው፣ አዎ እንደ ቀብር ይሁንልኝ ብሏል። አምስት ወር ሳይሞላ በ27 ዓመቱ ስለሞተ፣ ስለዚያ ምሽት የሚጽፍ ሁሉ አበባውና ሻማው ላይ ይቀራል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ባንዱ ያን ምሽት 14 ዘፈን ተጫወተ። ስድስቱ የራሱ አይደሉም! ዓለምን ያናወጠውን «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት»ን ጭራሽ አልነካውም። ጣቢያው የታወቀ ዘፈንና የታወቀ እንግዳ ነበር የሚፈልገው። ከርት ይዞ የመጣው ግን ብዙ ሰው የማያውቃቸውን የሚት ፐፔትስ ባንድ ወንድማማቾች ነው። ሦስት ዘፈናቸውን መረጠ፤ ጊታሩን እነሱ ይዘው አጠገቡ ተቀመጡ፣ እሱ ዘፈነ። በዚያን ጊዜ የእሱን ያህል ስም ያለው ዘፋኝ ዘፈኑን ብቻ ወስዶ ቢጫወት ማንም ምንም አይለውም ነበር።

(በነገራችን ላይ «አኩስቲክ» የተባለው ነገር ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ከርት ጊታሩን በአምፕሊፋየር ነበር ያሳለፈው፤ ፕሮዲውሰሩ ፊቱን በሳጥን ሸፍኖ የመድረክ ስፒከር አስመሰለው። እኔ ይቅር ብያለሁ።)

ከመጨረሻው ዘፈን በፊት ከርት ስለ ሌድ ቤሊ ያወራል። ሌድ ቤሊ ቴክሳስና ሉዊዚያና ውስጥ የታሰረ፣ ባለ 12 ክር ጊታር ይጫወት የነበረ፣ በ1949 የሞተ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ ነው። የምንወደው ዘፋኝ እሱ ነው ይልና፣ የሟቹን ጊታር በ500 ሺህ ዶላር ሊሸጡልኝ ፈልገው ነበር ብሎ ይቀልዳል። ከዚያ ዘፈነው። ፕሮዲውሰሩ አንድ ጨምሩ ቢላቸውም አልጨመሩም።

ልብ በሉ፣ ዘፈኑን የደረሰው ሌድ ቤሊም አይደለም። ደራሲው የማይታወቅ፣ በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች አካባቢ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ የሕዝብ ዜማ ነው። ከርት «ባህላዊ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። እሱ ግን ዘፈኑ በማን ድምፅ እንደደረሰው ስሙን ጠርቶ ተናገረ። ራሱ ያን ምሽት የተጫወተበት ጊታር ደግሞ በ2020 ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ።

እኛ ጋ «የሕዝብ ነው» የምትለዋ ቃል ሌላ ሥራ ነው የምትሠራው። በፍሪላንስ ስለ ሙዚቃ ስጽፍ፣ የድሮ ዘፈን በከቨር የሚሠሩ ልጆችን ግጥሙ የማን ነው እያልኩ እጠይቃለሁ። ድምፃቸው ግሩም ነው፣ መልሳቸው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «የሕዝብ ነው።» ዩቲዩብ ላይም ከቪዲዮው ሥር የካሜራ ባለሙያው፣ የሜካፕ ባለሙያዋ፣ ልብስ ያከራየው ቤት ሳይቀር ይመሰገናሉ። የግጥምና የዜማ ደራሲው ቦታ ባዶ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ስለ ገንዘብ እንኳን አይደለም የማወራው። ስም መጥራት ምን ያስከፍላል?

ነገሩ ቤቴ ድረስ ስለመጣ ነው የሚያንገበግበኝ። አጎቴ በደርግ ጊዜ በአውራጃ የኪነት ቡድን ውስጥ ክራር ይጫወቱ ነበር። ያኔ ያወጡት አንድ ዜማ ዛሬ ሠርግ ላይ ይዘፈናል፤ ግጥሙ ተቀይሯል፣ ዜማው ግን ያው ነው። ለምን አይናገሩም ስላቸው «ተወው ልጄ፣ ማን ያምነኛል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ በወረቀትም በካሴትም የቀረ ነገር የለም፣ አብረዋቸው ከተጫወቱት የቀሩትም ሁለት ሰዎች ናቸው።

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዳችን ሠርግ ላይ ዘፋኙ ይህንኑ ዜማ ጀመረ። አጎቴ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ በእስክስታ እየወረዱ ሄዱና መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት።